የደመቀች ግራ እግር

የሌሊት ተራዬን ጨርሼ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው እንደገባሁ ነበር። ፊቴን ልታጠብ በጣሳ ውኃ ቀድቼ ደጃፉ ላይ ተቀምጫለሁ። የዕድራችን ሊቀ መንበርና ሦስት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በአጥሩ በር ሲገቡ አየሁ። በደብረ ብርሃን ማለዳ፣ በዚያ ብርድ፣ እንዲያ ለብሶ ሰው ቤት የሚገባው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«እናቴ ናት?» አልኳቸው።

«እናትሽ ደህና ናቸው» አሉኝ ሊቀ መንበሩ።

ያኔ ዐወቅሁ። ከእናቴ ሌላ የነበረችኝ አንዲት እህት ናት። እናቴ ደህና ከሆነች የሞተችው ደመቀች ናት። ሊቀ መንበሩ የቀረውንም ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ትናንት በገበያ ቀን ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ስትወርድ ከገደሉ መንገድ ላይ ወድቃለች። የአልዩ አምባ ሰዎች አንስተው ወደ ላይ አውጥተዋታል። ቀብሩ እኔን እየጠበቀ ነው። ከጎረቤቶቹ አንዷ ጣሳውን አንስታ በቀዳሁት ውኃ ፊቴን አጠበችኝ። ይህ የሆነው በ1981 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው።

እህቴ በምንም የታወቀች ሰው አልነበረችም። ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ጥጥና በርበሬ ከቆላ ወደ ደጋ ስታመላልስ የኖረች ነጋዴ ናት። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ትምህርቴን ያስተማረችኝ በዚያ መንገድ ላይ ባፈሰሰችው ላብ ነው። አንዳንድ ጊዜ ትምህርት ሲዘጋ እኔንም ይዛኝ ትወርድ ነበር። ከአንኮበር ስንነሳ ጭጋጉ ከፊታችን ያለችውን አህያ እንኳ ይከልላታል፤ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን እንጀምራለን። ግማሽ መንገድ ላይ አንዱ ጋቢ አህያዋ ላይ ይወጣል። ታች ስንደርስ ነጠላውም ይከብደናል። ደመቀች ያን ቁልቁለት ከድንጋይ ድንጋይ እየመረጠች፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ አንዳንዴም እየፈተለች ትወርደው ነበር።

አልዩ አምባ ውስጥ ሰሊሃ የምትባል የጥጥ ነጋዴ ነበረቻት። ወዳጅነታቸው ከልጅነት ጀምሮ ነው። ሰሊሃ ቤት ውስጥ ለደመቀች ብቻ የሚወጣ አንድ የሸክላ ድስት ነበር፤ ሥጋ ገብቶበት አያውቅም፣ ሽሮ ብቻ ይሠራበታል። እኛ የእስላም ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የኛን አይበሉም። ሁለቱ ግን በዚህ ጉዳይ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። ድስቱ ይወጣል፣ ሽሮው ይሠራል፣ አብረው ይቀመጣሉ።

በ1970 የደመቀችን ባል ተክለጊዮርጊስን ወሰዱት። የአንኮበር ከተማ በሆነችው በኛው ጎረቤላ በሚገኘው የቀበሌ እስር ቤት እንዳለ ሰምታ ምሳ ይዛለት ሄደች። የቀበሌው ጥበቃ አበባው ነበር፤ የምናውቀው፣ ከኛ በላይ ባለው ሰፈር ያደገ ሰው። «ሂጂ፣ እዚህ የለም» አላት። «ምሳውን ልስጥና እሄዳለሁ» አለችው። እንደገና ሂጂ አላት። ቆመች። በጠመንጃው ሰደፍ ቀኝ ጆሮዋ ላይ መታት።

ተክለጊዮርጊስ ከዚያ ቀን ወዲህ አልታየም። ደመቀች ነፍሷን ስታውቅ ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። እጇ ከጊዜ በኋላ ተመለሰላት። እግሯ ግን ከቁርጭምጭሚት በታች ተንጠልጥሎ ቀረ። መቆም ትችላለች፤ ጉልበቷም ይታጠፋል። ስትራመድ ግን የእግሯ ጣቶች ወደ ታች ስለሚዘቀዘቁ መሬቱን ይጠርጋሉ። ሜዳ ላይ እየጎተተች ትሄዳለች፤ ድንጋይ ካለ ትደናቀፋለች። የአንኮበር ቁልቁለት ደግሞ ሁሉም ድንጋይ ነው።

ያን ሁሉ ዓመት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጨውና በርበሬ በስኒ እየሰፈረች ሸጠች። ሰሊሃ አልፎ አልፎ ወደ ላይ ወጥታ ታያት ነበር። ምን ያስፈልግሻል ብላ ስትጠይቃት የደመቀች መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አልዩ አምባ በእግሬ ልውረድ። ሌላ አልፈልግም።»

በ1978 ፋብሪካችን ክሊኒክ ውስጥ ያለችው ነርስ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ስለመጣ ፈረንጅ ሐኪም አወራችኝ። እንዲህ እግራቸው የተንጠለጠለ ሰዎችን እየፈለገ ነው አለችኝ። ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ቀጭን፣ ፀጉሩ የሸሸ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። የሚያስተረጉምለት ገብረአብ የሚባል የሆስፒታሉ የቴክኒክ ሠራተኛ ነበር። ሐኪሙ ከጉልበቷ በታች በውጪ በኩል ያለችውን አጥንት ዳበሰ፣ በመርፌ መሳይ ነገር ነካ ነካ አደረጋት። እግሯ ብድግ አለ። ደመቀች የራሷ እንዳልሆነ ሁሉ አየችው።

«እግርሽ አልሞተም ይልሻል» አላት ገብረአብ። «ነርቡም ደህና ነው። የተበላሸው ራስሽ ላይ ነው። ትእዛዙ ከላይ አይወርድለትም።»

«እንደ ቀበሌያችን ነዋ» አለች ደመቀች። «ከላይ ትእዛዝ ካልወረደ ማንም አይንቀሳቀስም።»

ገብረአብ ወደ በሩ አየ። ሐኪሙ ምን አለች ብሎ ሲጠይቀው «ገባኝ ብላለች» ብሎ ተረጎመለት።

የሐኪሙ ሐሳብ ይህ ነበር። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ነገር ከቆዳዋ ሥር፣ ነርቡ አጠገብ ያስቀምጣል። ከቆዳው በላይ ትንሽ መብራት በማሰሪያ ትታሰራለች። ተረከዟ ሥር በጫማዋ ውስጥ የሚገባ ማብሪያ አለ። ተረከዟን ስታነሳ መብራቷ ትበራለች፣ ብርሃኑ ቆዳውን አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ምስሯ ብርሃኑን ተቀብላ ነርቡን ትነካዋለች፣ እግሩ ይነሳል። ከራስ ያልመጣውን ትእዛዝ ብርሃን ይተካዋል ማለት ነው። በቆዳው የሚያልፍ ሽቦ የለም። ምስሯም በውስጧ ባትሪ የላትም፤ የምትኖረው በሚገባላት ብርሃን ነው።

ቀዶ ጥገናው ብዙ አልቆየም። ቁስሉ ሲሽር ሊሞክሩት መብራቱን አሰሩላት። በራ፤ እግሩ አልተነሳም። ሐኪሙ ሳጥኑ ላይ ያለውን መዘውር ትንሽ ዞር አደረገው። አልተነሳም። እንደገና አዞረው። መጨረሻው ምልክት ላይ ሲደርስ እግሯ ብድግ አለ።

ሐኪሙ ለገብረአብ ብዙ ነገረው። ገብረአብም «መብራቱ የተለካው በነሱ አገር ሰው ቆዳ ነው» አለን። «የኛ ጠቆር ስለሚል ብርሃኑን ይጠጣዋል። አሁን መጨረሻው ላይ ነው ያለው፤ ከዚህ በላይ መጨመር አይቻልም። ስለዚህ ተጠንቀቁ። ቦታው ላይ ቅቤም፣ ቅባትም፣ መድኃኒትም እንዳይቀባ። ምንም እንዳይለጠፍበት። ልብስም እንዳይሸፍነው።»

«እሺ» አልን። ሁለታችንም ነገሩን በሚገባ ሰማነው፤ አንኮበር ስንደርስም ለእናቴ ቃል በቃል ነገርናት።

ደመቀች በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ወደ አልዩ አምባ ወረደች። ፋብሪካውን ፈቃድ ጠይቄ አብሬያት ነበርኩ። ማብሪያው በኮንጎ ጫማዋ ውስጥ ገብቷል፤ የባትሪ ድንጋይ ያለበት ሳጥን በመቀነቷ ታስሯል። በየእርምጃው ከቀሚሷ ሥር ቀይ ብርሃን ብልጭ ይላል። መጀመሪያ አካባቢ እያንዳንዱን ድንጋይ አስባ ትረግጥ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ወሬ ጀመረች። ወሬ ስትጀምር እግሯን እንደረሳችው ዐወቅሁ፤ እኔም ከኋላዋ ሆኜ እግሯን ማየት ተውኩ።

ሰሊሃ ከሱቋ ወጥታ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ተመለከተችን።

«ያ ረቢ፣ ምንድን ነው እሱ የሚበራው?»

«እግሬ ነው» አለች ደመቀች።

«አብዱልጀሊል! አንተ አብዱልጀሊል!» ብላ ባሏን ተጣራች። «ና ውጣ፣ መብራት ኃይል መጥታለች። አልዩ አምባ መብራት ገባልህ።»

አብዱልጀሊል ወጥቶ አየ። «ታዲያ አንድ አምፖል ብቻ ነው እንዴ የመደቡልን?» አለ።

«ሌላውን ጆሮዬን ሲመቱኝ ሁለተኛው ይመጣል» አለች ደመቀች። ሦስቱም ሳቁ። ሰሊሃ እየሳቀች ገብታ ድስቱን አወጣች። አቧራ ጠጥቶ ነበር፤ ደጋግማ አጠበችው።

ያን ዓመት እህቴ ሰው ሆነች። ችግሩ የባትሪ ድንጋይ ነበር። መብራቱ መጨረሻው ላይ ስለሚሠራ ድንጋዩን ቶሎ ይበላዋል፤ ድንጋይ ደግሞ በዚያ ዘመን እንደልብ አይገኝም። እኔ ከደብረ ብርሃን ያገኘሁትን እልክላታለሁ። እሷ የደከመውን አውጥታ ጣራ ላይ ፀሐይ ታሰጣዋለች፤ ፀሐይ የጠጣ ድንጋይ ጥቂት ይበረታል። የአንኮበር ጭጋግ ግን ፀሐይ የሚሰጠው ሲፈልግ ነው። ድንጋይ በሌላት ሳምንት ቤት ትውላለች፣ ባላት ሳምንት ትወርዳለች።

ወሬውም አልቀረም። የደመቀች እግር ይበራል ተባለ። ከቀበሌ ጠርተው በስብሰባ ፊት እንድታበራው አደረጓት። ራዲዮ ይሆናል፣ ለወንበዴ ወሬ ያቀብላል ብሎ ያመለከተ ሰው ነበር።

«ጓዲት ደመቀች፣ ይህ ነገር ያወራል?» አላት የቀበሌው ሊቀ መንበር።

«አያወራም ጓድ» አለችው። «እሱም እንደኛ የታዘዘውን ይሰማል እንጂ።»

ሰው እንዳይስቅ አፉን በጋቢው ያዘ። ሊቀ መንበሩ ሂጂ አላት። ነገሩ በዚያ አበቃ። ለእናቴ ግን አላበቃም።

እናቴ አመተ ማርያም ይህን ነገር ከመጀመሪያው ፈርታው ነበር። እግሩ ሲነሳ ታያለች፣ እልል ትላለች፤ ቀዩ ብርሃን ሲበራ ደግሞ ታማትባለች። የስብሰባውን ወሬ ከሰማች በኋላ እንቅልፍ አጣች። በ1979 በዐቢይ ጾም ነቃሽ ሴት ይዛ ደመቀች ቤት መጣች። የተነጋገሩትን ደመቀች ራሷ ነግራኛለች።

«ይህ ነገር ከሥጋሽ ገብቷል» አለቻት እናቴ። «የተጠመቀ ሥጋ ነው። ማን እንደሠራው፣ ምን ብሎ እንደሠራው አናውቅም።»

«እማዬ፣ ብረት እኮ ነው። ማረሻም ብረት ነው።»

«ማረሻ ቆዳሽ ሥር አይቀበርም። እኔ አውጪው አላልኩም። አንድ መስቀል ይነቀስበት፤ በመስቀል ይታተም። ለኔ ስትይ።»

በኛ አገር ንቅሳት ለጌጥ ብቻ አይደለም። እንቅርት የጀመራት ሴት አንገቷን ትነቀሳለች፤ ጉልበቱን የሚቆረጥመው ሽማግሌ ጉልበቱ ላይ ይነቀሳል። የታመመ ቦታ መስቀል ከተነቀሰበት ሕመሙ ይታሰራል እንላለን። እናቴም ያደረገችው እናቷ ያደረገችላትን ነው። ደመቀችም እግሯን ዘረጋችላት። ቅቤ አልነካትም። ቅባትና መድኃኒትም አልነካትም። የለጠፈችው፣ የሸፈነችውም ነገር የለም። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ጠብቃለች። ንቅሳት ለኛ ቆዳ ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ከተነቀሰ በኋላ ቆዳው ራሱ ነው።

ነቃሿ ከኩራዝ የተጠራቀመ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ለወሰች። በአጋም እሾህ እየወጋች መስቀሉን አወጣችው። ምስሯ ያለችበትን እብጠት በጣቷ ዳብሳ የመስቀሉን መሐል እዚያው ላይ አሳረፈችው። እናቴ «ደህና አድርገሽ አጥቁሪው፣ እንዳይለቅ» አለቻት። ነቃሿም ደጋግማ ወጋችው።

እግሯ አብጦ ሰነበተ። እብጠቱ ሲጎድል ደመቀች መብራቱን አሰረች፣ ተረከዟን አነሳች። መብራቱ በራ። እግሩ አልተነሳም።

ድንጋዩ ደክሞ ነው ብላ ለወጠች። ማብሪያው ረጥቦ ነው ብላ አደረቀችው። አዲስ ድንጋይ ላኪልኝ ብላ ሰው ላከችብኝ፤ ላክሁላት። ማሰሪያውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች አደረገችው። ሰኔ ላይ ተያይዘን አዲስ አበባ ሄድን።

ሐኪሙ ደስ ብሎት ተቀበለን። ደመቀች ቀሚሷን ከጉልበቷ ከፍ አደረገች። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ጣቱን አርሶ መስቀሉን አሸት አደረገው፤ እንደማይለቅ ሲያውቅ ተወው።

«ምን አለ?» አለች ደመቀች።

ገብረአብ መሬት መሬቱን እያየ ነበር። «እትዬ፣ ይህ በምንድን ነው የተሠራው?» አላት።

«በጥላሸት ነዋ። ንቅሳት በምን ይሠራል?»

«የፋኖስ ብርጭቆ ጥላሸት ሲይዘው ቤቱ ምን ይሆናል?»

ደመቀች ቀሚሷን ቀስ ብላ አወረደችው። ሐኪሙ ማን ነው ይህን ያደረገው ብሎ ጠየቀ። ገብረአብ ተረጎመ።

«እኔው ነኝ» አለች። «አምሮኝ ነው።»

ሐኪሙ ተስፋ አልቆረጠም። ምስሯን ከቦታዋ አውጥቶ ከመስቀሉ በታች፣ ንጹሕ ቆዳ ሥር ሊያዛውራት ይችላል። ለዚያ ግን ከነርቡ የምታገናኛት ክር መሳይ ሽቦ ስለምታጥር አዲስ ከአገሩ ማስመጣት አለበት። ከክረምት በኋላ፣ በጥቅምት ኑ አለን።

አውቶብስ ውስጥ ሸኖን ካለፍን በኋላ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«መነን» አለችኝ።

«አቤት።»

«እማዬ ይህን እንዳትሰማ።»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም፤ ማይልኝ። በእጄ ገደልኳት ትላለች። ሳልሞት ታለቅሰኛለች። ለሰሊሃም አልነግርም፤ አፏ አያስችላትም። በሚካኤል ማይልኝ።»

ማልኩላት።

በጥቅምት ተመልሰን ሄድን። ክፍሉ ተቆልፏል። ዘበኛው ፈረንጁ የሥራ ጊዜው አልቆ አገሩ መግባቱን ነገረን። ገብረአብስ አልነው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦር ሆስፒታል ተመድቧል አለ። አንድ ወጣት ሐኪም ተቀብሎ አያት። ትሕትና ያለው ልጅ ነው። እግሯን አየ፣ ዳበሰ፤ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼም ነክቼም አላውቅም» አለን። «ነርቡን ብቆርጠው ያለውም ይጠፋል። እሱ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ጠይቁ።» በየጊዜው እየሄድኩ ጠየቅሁ። አልመጣም።

ደመቀች ለእናቴ ድንጋይ ጠፍቷል አለቻት። ድንጋይ በእርግጥም ጠፍቶ ስለነበር እናቴ አመነች። ሲቆይ ደግሞ የፈረንጁ መብራት ተበላሽቷል አለቻት። ይህንንም አመነች።

«ቢሆንም» ትላለች እናቴ፣ «መስቀሉ ባይኖር ኖሮ ይብስብሽ ነበር።»

«እውነትሽን ነው» ትላለች ደመቀች።

እህቴ እንደገና ደጃፍ ላይ መቀመጥ አልቻለችም። ያን ሁሉ ዓመት ተቀምጣለች፤ አንዴ ከወረደች በኋላ ግን መቀመጥ አቃታት። የመብራቱን ማሰሪያ ከጉልበቷ በታች አሠረችው፤ ከማሰሪያው እስከ ኮንጎው አፍንጫ ድረስ ሲባጎ ወጥራ አሠረች። ሲባጎው ጣቶቿን ወደ ላይ ይዞ ያቆያቸዋል። አካሄዷ አያምርም፤ ግን ትሄዳለች። «የኔ ፋብሪካ ሥራ ነው» አለችኝ። ተይ አልኳት። «አንቺ ደብረ ብርሃን ሆነሽ ተይ ማለት ቀላል ነው» አለችኝ፤ ሳትቆጣ ነው የተናገረችው። ከዚያ ወዲህ ተይ አላልኳትም። እንዲህ እያለች አንድ ዓመት ወረደች፣ ወጣች። እናቴም ልጄ ዳነች ብላ ለጎረቤት ትናገር ነበር።

ለቀብሯ ጎረቤላ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። አብዱልጀሊል ከዛፍ ሥር ከቆላ ሰዎች ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። እሱ ነው ያገኛት። ጭጋግ ነበር አለኝ። አህያዋ ብቻዋን ወደ ታች ስትወርድ አይተው ወደ ላይ ሮጡ። ከኪሱ ሲባጎውን አውጥቶ ሰጠኝ። መሐሉ ላይ ተበጥሷል።

«ቋጠሮው አልተፈታም» አለኝ። «አሠራሯ ደህና ነበር። ሲባጎው ነው ያለቀው። የአላህ ውሳኔ ነው።»

ቤት ውስጥ ገናዦቹ ጨርሰው ነበር። እናቴ አስከሬኑ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ስገባ እጄን ያዘችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከፈኑን ከግራ እግሯ ላይ ትንሽ ገለጥ አደረገችው።

«እይ» አለችኝ። «ጭንቅላቷ፣ ክንዷ፣ ጎኗ ሁሉ ተጎድቷል። ይህ እግር ግን ጭረት እንኳ አላገኘውም። መስቀሉ ያለበት እግር።»

መስቀሉ ጥቁር ነበር፤ መስመሩ የትም አልደበዘዘም። ከመሐሉ ሥር ምስሯ ጉብ ብላ ትታያለች።

«አዎ እማዬ» አልኳት።

አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ አበባው ነበር። ማንም አልጠራውም፤ ማንም ደግሞ አልከለከለውም። ጎረቤት ነው። ከቀብር ተመልሶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ፤ ንፍሮ የያዘው ሰፌድ ሲደርሰው ዘገነ። እናቴ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደከማችሁ» አለችው፣ ሌሎቹን እንዳለቻቸው ሁሉ። እሱም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። ዐይኔን ከሰፌዱ ላይ አላነሳሁም።

ሰሊሃ እስከ ሦስተኛው ቀን አብራን ቆየች። ልትሄድ ስትል ከአጥሩ ውጪ ጠራችኝ። አለቀሰች አልልም፤ እንባዋን ቀድማ ጨርሳለች።

«ድስቷን ምን ላድርገው?» አለችኝ። «ሥጋ አላስገባበትም። ሽሮ የምሠራለትም የለም።»

«አስቀምጪው» አልኳት።

እናቴን ደብረ ብርሃን ላመጣት ሞከርኩ፤ ብርዱን አልችለውም ብላ እምቢ አለች። የአንኮበር ሰው የደብረ ብርሃንን ብርድ አልችልም ሲል ሌላ ምክንያት አለው ማለት ነው። ከመቃብሯ መራቅ አልፈለገችም። ስለዚህ ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር እኔ እሄዳለሁ። ሳጥኑን፣ መብራቱንና ማብሪያውን ግድግዳ ላይ ባለው ጉጥ ላይ ሰቅላዋለች፤ አቧራውን ትጠርግለታለች። ፊደል ስላልቆጠረች ይህን አታነበውም፤ የሚያነብላትም ሰው በዚያ ቤት የለም።

ባለፈው ወር ሄጄ ሳለ ሳጥኑን ከጉጡ አውርዳ ጭኗ ላይ አደረገችው። መዘውሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«አዲስ አበባ ስትሄጂ» አለችኝ፣ «ያን ፈረንጅ ሐኪም ፈልጊልኝ። ይህ መብራት ምን ሆኖ እንደተበላሸ ጠይቂልኝ። ይህን ያህል ደህና ሲሠራ ኖሮ፣ እንደዚያ በአንድ ጊዜ እምቢ ያለው ምን አግኝቶት ነው? ሌላ ነገር አልፈልግም፤ ምክንያቱን ብቻ ልወቀው።»

«እሺ እማዬ፣ እጠይቅልሻለሁ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ደርሼ መጥቻለሁ። አልጠየቅሁም፤ ለእናቴም እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም።